የወባ ወቅት ሳይገባ መጋዘኑን ማዘጋጀት፦ ለሆስፒታል መድኃኒት ክምችት ኃላፊዎች ዝርዝር መመሪያ

መስከረም ሲጠባ በቆላማ አካባቢ ያለ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ምን እንደሚመስል ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም። ክረምቱ ሲወጣ ውኃ በየጉድጓዱ ያቁራል፣ ትንኝ ትራባለች፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ከበልግ ዝናብ በኋላም አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የሚገርመው የወባ ክኒኑ ኮአርተም በየዓመቱ በዚያው ወር ማለቁ፣ እኛም በየዓመቱ «ድንገተኛ እጥረት» ብለን መጻፋችን ነው።

ጥፋቱን ሁሉ አቅራቢው ላይ መጣል ይቀላል፤ አንዳንዴም ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን እጥረቱ የሚጀምረው እኛው በየሁለት ወሩ በምንሞላው የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ፣ በአርአርኤፍ ላይ ነው። ቅጹ ያለፈውን ሁለት ወር አይቶ የሚመጣውን ይገምታል። ወባ ደግሞ ያለፈውን ሁለት ወር አይመስልም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ በወቅቱ መግቢያና መውጫ ላይ ከቀመሩ ይልቅ ካላንደሩን እመኑ።

የጻፍኩት በወባማ ወረዳ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ወይም አጠቃላይ ሆስፒታል ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት ገልጾ ነበር። እንዲህ ባለው ዓመትም ሆነ በተራው ዓመት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀመሩ የት ላይ እንደሚያሳስት በወረቀት አይታችሁ እመኑ

በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ከፍተኛ ክምችታቸው የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥባቸው የግማሽ ወር ነው። አርአርኤፉ የሁለቱን ወር ፍጆታ በ2 አባዝቶ ከፍተኛውን መጠን ያወጣል፤ ከዚያ ላይ በእጅ ያለውን ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ እኩል ለሚወጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለደም ግፊት ክኒን፣ ይህ ጥሩ ቀመር ነው።

አሁን ለአዋቂ የሚታዘዘውን ኮአርተም 6×4 (የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና የያዘ የ24 ክኒን እሽግ) በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው። አምና ግንቦትና ሰኔ 200፣ ሐምሌና ነሐሴ 260፣ መስከረምና ጥቅምት 1,500፣ ኅዳርና ታኅሣሥ 1,300 ሕክምና ወጥቷል እንበል። ዘንድሮ በግንቦትና ሰኔ 240 ወጣ፤ በሰኔ መጨረሻ 200 በእጅ አለ። ቀመሩ 480 ላይ 200 ቀንሶ 280 ጠይቁ ይላል። ዘንድሮ ከአምናው በ20 በመቶ ከጨመረ በሐምሌና ነሐሴ 312 ይወጣና 168 ይቀራል። የነሐሴው ቅጽ ደግሞ 624 ላይ 168 ቀንሶ 456 ያስጠይቃል። ጥያቄው ሳይዘገይና ሳይሸራረፍ መስከረም 1 ቀን ቢደርስ እንኳ በእጅ የሚኖረው 624 ነው። በመስከረምና ጥቅምት የሚያስፈልገው ግን 1,800፣ በሳምንት በአማካይ 210 ነው። ሦስት ሳምንት አይዘልቅም።

ቀመሩ የሚነቃው ወቅቱ ሲያልፍ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የ1,560 ፍጆታ አይቶ እስከ 3,120 እንድታከማቹ ይመክራል፤ የሚቀጥሉት አራት ወራት ግን የዚያን ሲሶ እንኳ ላይጠቀሙ ይችላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ትርፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የአገልግሎት ጊዜው ያልፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት የኦዲት ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ የሰኔውን ጥያቄ በአምናው ወቅት አስሉ

የሰኔው አርአርኤፍ የአራት ወር መድኃኒት መያዝ አለበት። ከአምናው መዝገብ የሐምሌ–ነሐሴንና የመስከረም–ጥቅምትን ፍጆታ አውጡ። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት በነሐሴ ላይ ደምሩ፤ በአንዱ ዓመት ከነሐሴ፣ በሌላው ከመስከረም ጋር ከተቆጠሩ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ቀጥሎ የአምናውን ቁጥር ከመጠቀማችሁ በፊት መድኃኒቱ ያለቀባቸውን ቀናት ፈልጉ። ይህን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። አምና በጥቅምት ለ15 ቀናት ኮአርተም ካልነበረ 1,500 የሚለው ቁጥር የበሽታውን መጠን አይናገርም፤ የሚናገረው ምን ያህል መድኃኒት እንደነበራችሁ ብቻ ነው። ከ60 ቀን 15ቱ ባዶ ከነበሩ 1,500ን በ60 አባዝታችሁ ለ45 አካፍሉ፤ 2,000 ይመጣል። ቢን ካርዱ (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) በደንብ ካልተያዘ የላብራቶሪውን መዝገብ ክፈቱና ወባ የተገኘባቸውን ቁጠሩ። እኔ ሁለቱ ሲለያዩ ላብራቶሪውን አምናለሁ፤ ማይክሮስኮፑ መድኃኒት አለቀ ብሎ መቁጠር አያቆምም።

ከዚያ የዘንድሮውን አዝማሚያ ጨምሩ። ግንቦትና ሰኔ አምና 200፣ ዘንድሮ 240 ከሆነ ማባዣው 1.2 ነው። ስሌቱ 260 ሲደመር 2,000፣ 2,260 ይሆናል፤ በ1.2 ሲባዛ 2,712፤ በእጅ ያለው 200 ሲቀነስ 2,512። ቀመሩ ያወጣው 280 ነበር። ወደ ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ ስታዩት እጃችሁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ አትቀንሱት። ማባዣው ከ2 በላይ ከወጣ ግን ቆም በሉ። ወይ አምና በዚያ ወር መድኃኒት አልነበረም፣ ወይ አዲስ የጉልበት ሠራተኛ እርሻ ላይ ገብቷል፣ ወይ ወረርሽኝ ጀምሯል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዝም ብሎ ማባዛት ግምት ነው።

ዘጠኝ እጥፍ ጥያቄ ያለ ማስረጃ ከላካችሁ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ ይቆርጠዋል፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እቆርጠዋለሁ። ከአርአርኤፉ ጋር አንድ ገጽ አያይዙ፦ የአምና ፍጆታ፣ ያለቀባቸው ቀናት፣ የዘንድሮ አዝማሚያ፣ የሚጠየቀው መጠን። የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ይፈርምበት። ቅጹ በተላከ ማግስት ስልክ ደውሉ።

ይህንኑ ለእያንዳንዱ የኮአርተም እሽግ ለየብቻ ሥሩ። ከ5 ኪሎ ግራም ጀምሮ 15 ላልሞላ 6×1፣ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላ 6×2፣ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላ 6×3፣ 35 እና ከዚያ በላይ 6×4 ነው። በድምር የታዘዘ ኮአርተም ሁልጊዜ አንዱ እሽግ ተርፎ ሌላው ያልቃል።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይሠራ አስታውሱ

በጽኑ የታመመ ሕፃን መጥቶ የጽኑ ወባ መርፌው፣ አርቴሱኔት፣ መደርደሪያ ላይ እያለ በደም ስር የሚገባው ቢጫ ካኑላ ከሌለ መድኃኒት የለም ማለት ነው። ስለዚህ በዕቃ ሳይሆን በታካሚ አስቡ፦ አንድ ታካሚ ከበር እስከ አልጋ ምን ምን ይነካል?

ጽኑ ወባን እንውሰድ። አርቴሱኔት የሚሰጠው ሲገቡ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት፣ ከዚያም በየቀኑ ነው። መጠኑ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት 3 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በአንድ ጊዜ 144 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ ብልቃጡ 60 ሚሊ ግራም ስለሆነ ሦስት ይከፈታል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ዘጠኝ ብልቃጥ ማለት ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 36 ሚሊ ግራም ነው የሚፈልገው፤ ነገር ግን አንድ ብልቃጥ ሙሉ ይከፈታል። የተበጠበጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ ይጣላል፤ ለማታው ዙር አይቀመጥም። በሚሊ ግራም ደምሮ ለ60 አካፍሎ የሚጠይቅ ሰው ስለዚህ ሁልጊዜ ያንሰዋል። የምትቆጥሩት የሚከፈተውን ብልቃጥ ነው።

ለዚያው ታካሚ ካኑላ (ለሕፃናት ቢጫና ሰማያዊ)፣ መርፌ፣ 40 በመቶ ግሉኮስ፣ የደም ስር ፈሳሽ ከነመስመሩ፣ ደም የሚያስፈልገው ከሆነ የደም መስጫ ስብስብ፣ ጓንት፣ ፕላስተር፣ የስለት ማስወገጃ ሳጥን ያስፈልጋል። ከመርፌው በኋላ ሙሉ ኮአርተም አለ። ይህን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ በምትጠብቁት የጽኑ ሕሙማን ቁጥር አባዙት።

ምርመራው ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ መመርመሪያውን በመድኃኒቱ ልክ መጠየቅ። የሚመረመረው ትኩሳት ያለበት ሁሉ ነው። ከተመረመሩት 40 በመቶ ወባ ከተገኘባቸው ለ100 ሕክምና 250 ምርመራ ይጠፋል። ሆስፒታል በዋናነት በማይክሮስኮፕ ስለሚመረምር ጊምሳ (የደም ናሙና ማቅለሚያ)፣ ስላይድ፣ የማይክሮስኮፕ ዘይትና ላንሴት (ጣት መውጊያ) በዚህ ቁጥር ይሰላሉ። ፈጣን መመርመሪያውን፣ አርዲቲውን፣ መብራት ለሚጠፋበትና ላብራቶሪው ለተጨናነቀበት ሌሊት ያዙ። የአንዱን ካርቶን ማርጠቢያ ጠብታ ለሌላ ካርቶን መጠቀም አይቻልም፤ ጠብታው ቀድሞ ካለቀ በቢን ካርድ መዝግቡት።

ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት የሚሰጡት ክሎሮኪንና ፕሪማኩዊን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ቫይቫክስ ምን ያህል እንደሆነ ላብራቶሪው ያውቃል፤ በዚያ ድርሻ አስሉ። ለቫይቫክስ የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ለአንድ ሰው ብዙ ክኒን ነው።

ደረጃ 4፦ የራሳችሁን ገንዘብ ከሰኔ በፊት አንቀሳቅሱ

የወባ መድኃኒት በፕሮግራም ነጻ ይመጣል። ጓንት፣ ካኑላ፣ ፈሳሽና ፕላስተር ግን በአብዛኛው በሆስፒታሉ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ይገዛሉ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ቆጠራ ይጀመራል፤ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ፣ ፊርማ እስኪዞር ሐምሌ ያልፋል። የወባን ወቅት የሚያህል ሥራ የሚመጣው ልክ ከዚህ ቀጥሎ ነው። በግንቦት ያልተጀመረ ግዢ በመስከረም መጋዘን ውስጥ አይገኝም ብላችሁ ያዙ። አቅራቢው የለኝም ካለ ያንን የሚገልጸውን ማረጋገጫ ዛሬውኑ ተቀበሉ፤ ከግል አስመጪ ለመግዛት ፋይናንስ ክፍሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ መጋዘኑን በሐምሌ አስተካክሉ

ቆጠራው ለመንግሥት ተብሎ የሚደረግ ከሆነ አይቀርም፤ ለራሳችሁ ጥቅም አውሉት። ቢን ካርዱ ከመደርደሪያው ጋር ካልተስማማ ልዩነቱን አጥፍታችሁ ጀምሩ። በመስከረም ጊዜ የለም።

ካርቶን ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቁመቱ ከ2.5 ሜትር አይለፍ። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ከፊት ይቀመጥ፤ ቀኑ በትልቅ ጽሑፍ በካርቶኑ ፊት ይጻፍ። አርዲቲና ኮአርተም ሙቀት ያበላሻቸዋል፤ በቆላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ከሰዓት አንብቡ፤ ጠዋት ብቻ የተነበበ ሙቀት ማንንም አያስጨንቅም።

ደረጃ 6፦ ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት አስቡ

በወቅቱ ውስጥ «የወር ክምችት» የሚለውን ተዉት። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ለአሥር ያህል ዕቃዎች ብቻ በእጅ ያለውን (መጋዘን፣ ማደያ ክፍልና ተኝቶ ሕክምና ክፍል ያለውን ደምራችሁ) ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አማካይ ፍጆታ አካፍሉ። የሚወጣው ስንት ሳምንት እንደቀራችሁ ነው።

ከጎኑ የበሽታውን መስመር አስቀምጡ። ወባ በየሳምንቱ ለኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ክትትል ሪፖርት የሚደረግ ስለሆነ ቁጥሩ ሆስፒታላችሁ ውስጥ አለ። የአምስት ዓመት ሳምንታዊ ቁጥር ካለ ለእያንዳንዱ ሳምንት ሁለተኛውን ትልቅ ቁጥር ወስዳችሁ መስመር አስምሩ። የዘንድሮው ከዚያ መስመር ካለፈ ወረርሽኝ ነው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ በዚያው ዕለት ማወቅ አለበት። ይህ ቻርት ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው በክትትል ባለሙያው ቢሮ ነው። አንድ ቅጂ መጋዘን በር ላይ ስቀሉ።

የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥቡ በመደበኛው ሁለት ሳምንት ነው። ለወቅቱ አይበቃም። መጀመሪያ ዕቃ ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ለኩ፦ ጥያቄው ከተላከበት ቀን እስከ ሞዴል 19 (የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) የተቆረጠበት ቀን። ከአምናው መዝገብ አማካዩን ሳይሆን ረጅሙን ውሰዱ፤ በክረምት መኪና መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለና። በዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምሩ። ረጅሙ ሦስት ሳምንት ከነበረ አምስት ሳምንት ሲቀራችሁ ጠይቁ።

ጤና ጣቢያዎቹንም ጠይቁ። ጤና ኬላ ላይ አርዲቲ ሲያልቅ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሕመምተኛውን ወደ ላይ ትልካለች፤ ከሳምንት በኋላ እናንተ በር ላይ ነው። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚደወል አንድ ስልክ የአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ይገዛላችኋል።

ደረጃ 7፦ ለሌሊቱና ለቅዳሜና እሑድ ሳጥን አዘጋጁ

በሕፃናት ክፍልና በድንገተኛ ክፍል የታሸገ ሳጥን ይኑር። ክዳኑ ውስጥ ዝርዝሩ ይለጠፍ፦ አርቴሱኔት 12 ብልቃጥ ከነማቅለጫው፣ ቢጫ ካኑላ 6፣ ሰማያዊ 6፣ ግሉኮስ፣ መርፌ፣ ጓንት። ማሸጊያው የተቆረጠ ሳጥን ጠዋት ወደ ማደያ ክፍል ይመለሳል፤ የወጣው በታካሚው ካርድ ቁጥር ይመዘገባል፤ ይሞላል፤ እንደገና ይታሸጋል። ቁጥሮቹን እንደ ሆስፒታላችሁ ቀይሩ፤ መነሻችሁ ግን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የሚገባው ጽኑ ሕሙም ይሁን። የመጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው ቤት ድረስ ሰው መላክ የሌሊት አገልግሎት አይባልም።

ለክፍሎች የሚታደለውን በወቅቱ ውስጥ በየሳምንቱ አድርጉት። በየሁለት ሳምንቱ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ፈርቶ ይደብቃል፤ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ ካርቶን ጥር ላይ ይገኛል።

ደረጃ 8፦ ማነስ ሲጀምር

መጀመሪያ የወጣውን ከተገኘው ጋር አስተያዩ። በዚህ ሳምንት ላብራቶሪው 180 ሰው ወባ አግኝቶ ማደያው 230 ኮአርተም ከሰጠ 50ው የት ሄደ? ከመጠርጠራችሁ በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ በጤና ጣቢያ ተመርምሮ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ውጤቱ ነጻ ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም» ተብሎ የታዘዘለት ነው። ሁለተኛውን የሚያቆመው የሕክምና ኃላፊው እንጂ የመጋዘን ኃላፊው አይደለም፤ እናንተ ቁጥሩን ይዛችሁ ኮሚቴው ፊት ቅረቡ። ስለ ዲሲፕሊን ብዙ ከመናገር 50 የሚለው ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።

6×4 ካለቀና 6×2 ካለ ሁለት 6×2 ለአንድ አዋቂ ይሆናል፤ 24 ክኒን ነው። አራት 6×1ም እንዲሁ። መመሪያውን ግን በእሽጉ ላይ በእጅ ጻፉ፤ በሽተኛው በሥዕሉ ከሄደ ግማሽ ይወስዳል። በቢን ካርድ ላይ የወጣው 6×2 ተብሎ ይመዝገብ፤ «ለአዋቂ» የሚል ማስታወሻ ይጨመርበት። ያለዚያ የሚቀጥለው ስሌት የሕፃናት ወባ በእጥፍ ጨመረ ይላል።

ከጎረቤት ተቋም ስትበደሩ በሞዴል 22 ይውጣ፣ በሞዴል 19 ይግባ፣ ደብዳቤ ይኑረው። በቃል የተሰጠ መድኃኒት በታኅሣሥ ጠብ ያመጣል። አንድ ነገር ግን በምንም ሁኔታ አታድርጉ፦ «የቀረውን ነገ ና» ብሎ ግማሽ ሕክምና ማደል። ሙሉውን ስጡ ወይም መድኃኒት ወዳለበት ላኩት።

ደረጃ 9፦ ታኅሣሥ ላይ ፍሬኑን ያዙ

ሳምንታዊው ቁጥር ሦስት ተከታታይ ሳምንት ከወረደ የኅዳር–ታኅሣሡን አርአርኤፍ በቀመሩ አትሙሉት። የአምናውን ጥር–የካቲትና መጋቢት–ሚያዝያ ውሰዱና እንደ ሰኔው አስሉ፤ በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆነ ሁለተኛው ወቅት በዚህ ውስጥ ይገባል። የተረፈውን ጊዜው ከማለፉ ከስድስት ወር በፊት ለዞን ወይም ለቅርንጫፉ አሳውቁ፤ የሚፈልገው ተቋም አይጠፋም። ሁለት ወር ሲቀረው የሚሰጥ መድኃኒት ግን ማንም አይቀበላችሁም።

በጥር አንድ ገጽ ጻፉ፦ የትኛው ዕቃ ስንት ቀን አለቀ፣ የትኛው ተረፈ፣ ዕቃ ለመድረስ ረጅሙ ስንት ቀን ፈጀ፣ ከማን ተበደርን፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ምን አነሰ። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዳጉ (የክምችት መመዝገቢያ ሥርዓት) መረጃ ፍጆታውን ይነግራችኋል፤ እነዚህን ግን አይነግራችሁም። ገጹን የሰኔው አርአርኤፍ በሚቀመጥበት ፋይል ፊት ላይ አስገቡት፤ ኃላፊነቱ በመካከል ወደ ሌላ ሰው ቢዛወርም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሁን።